በግዝት የተለቀቀ ቤት

አውቶቡስ መጠበቅ የሚወድ ሰው ካለ እስቲ አምጡልኝና ልየው። እኔ አልወድም፤ በሰኔ ዝናብ፣ በቡሬ መናኸሪያ፣ ጫማዬ ውኃ ጠጥቶ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አልወድም። ሚሊኒየሙ በተከበረ በማግስቱ ዓመት፣ ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ለቅሶ ደርሼ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ እንዲሁ ቆሜ ነበር። ተራ አስከባሪው ሰው በጠየቀው ቁጥር "አሁን ይመጣል" ይላል። አሁን የሚለው መቼ እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ይወቁት።

በአንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ተጠልዬ ዘወር ስል ቄስ ገብረሰንበትን አየኋቸው። ቄስ ገብረሰንበት የሠፈራችን ደብር አገልጋይ፣ የብዙ ቤተሰብ የንስሐ አባት፣ ጥምጣማቸው የማይዛነፍ፣ ሰው አክባሪ ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ባልና ሚስት ሲታረቅ፣ ድንበር የገፋ ገበሬ ሲመለስ፣ በመካከሉ እሳቸው አሉ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራውን ስትሰሙ ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ ነው። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለኝ ነበር።

"ምነው አባ፣ በዚህ ዝናብ?" አልኳቸው መስቀል ተሳልሜ።

"ሐሙስ ማታ የመጣሁ ነኝ፣ መምህር ሀይሉ። የታመመ ዘመድ ነበረኝ፤ ጸሎት አድርሼለት መመለሴ ነው። ነገ የቅዳሴ ተረኛ ነኝ።"

ይህን እያወራን ከባሕር ዳር ከመጣ ሚኒባስ አንዲት ወጣት ወርዳ በዝናቡ ውስጥ ወደ እኛ ሮጠች። ትሕትና ናት። የሠፈራችን ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ በዚያው ዓመት መጨረሷ ነበር። ክፍል ውስጥ "ለምን?" እያለች ስንት ጊዜ ደወል አሳልፋብኛለች! ቄሱን መስቀል ተሳለመች፤ ፊቷ ግን እንደ ሰማዩ ጠቁሯል።

"ተመስገን እዚሁ አገኘሁዎት፣ አባ። እርስዎን ፍለጋ ነበር የምመጣው።"

"ደኅና ነሽ፣ ልጄ? ልትመረቂ ነው አሉ፤ እሰይ! ምነው፣ ምን ነክቶሽ ነው?"

"ተናኜን ገዘቷት የሚባለው እውነት ነው?"

ቄሱ ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እውነት ነው። ማን ነገረሽ?"

"እናቴ ሐሙስ ደውላ ነገረችኝ። ትናንት መልሼ ስደውል ስልኩ እንቢ አለኝ፤ ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ መጣሁ።"

ተናኜን እኔም አውቃታለሁ። ከሽንዲ ወዲያ ካለ ገጠር ባሏ ሲሞትባት ልጇን ሸጋዬን ይዛ ፍኖተ ሰላም የገባች፣ በአቶ ዘሩ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ በርበሬ እያዘጋጀች በመሸጥ የምትኖር ሴት ናት። የሟች ወንድሞች ልጅቱን ሊድሯት አሰፍስፈው ነበር። እናትየው "አሥረኛን ትፈተን፣ ውጤቷን አይታችሁ የፈለጋችሁትን በሉኝ" ብላ ለምና ነው ያመለጠችው። ፈተናው ደግሞ የፊታችን ማክሰኞ ነው። እኔም ለዚያው ፈተና ፈታኝ ሆኜ ተመድቤ ነበር።

"ነገሩን ልንገርሽ፣ ልጄ፣" አሉ ቄሱ። "አያ ዘሩ ቤቴን ልቀቂ ቢላት አልለቅም አለችው። ቤቱ የሱ ነው! ቃል እየተመላለሱ ግቢው ጦር ሜዳ ሆነ። ሐሙስ ጠዋት እኔን ጠራኝ። ሰው ከሚጋደል ብዬ፣ 'እስከ እሁድ ድረስ ካልለቀቅሽ በሚካኤል ስም ገዝቼሻለሁ' አልኳት። አንዲት ቃል አልመለሰችም። መስቀል ተሳልማ ገባች። በቃ፣ ሰላም ሆነ።"

"ሰላም የሆነው ለማን ነው፣ አባ?" አለች ትሕትና።

ቄሱ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ያ "አሁን" የተባለው አውቶቡስ መጣ። ተጋፍተን ገባን፤ ሦስታችንም በኋለኛው ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። እኔ በመካከል ነበርኩ። ሁለት የተማሩ ሰዎች ሲከራከሩ መካከል መቀመጥ ክብር ይመስላል፤ ጆሮ ግን ሁለት ብቻ ነው ያለኝ፣ ሁለቱም ተያዙ።

"እንግዲህ ጥፋቴን ንገሪኝ፣" አሉ ቄሱ፣ ቁጣ ሳይሆን ጨዋነት ባለበት ድምፅ። "ቤት የባለቤቱ አይደለም? በሰው ቤት የተቀመጠ፣ ውጣ ሲባል አመስግኖ መውጣት አይደለም ወይ ደንቡ?"

"እንግዳ ቢሆን ደንቡ ይኸው ነው፣ አባ። ተናኜ ግን እንግዳ አይደለችም። በየወሩ ኪራይዋን የምትከፍል ሰው ናት። ቤቱ የአያ ዘሩ ነው፤ ይህን ማንም አይነጥቃቸውም። በቤቱ መኖር ግን፣ ኪራይዋን እስከከፈለችና ውሉ እስካለ ድረስ፣ የሷ መብት ነው። ሸጠውላታል እኮ!"

"ምን ውል አለ? እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ነው የገባች። እኔ ራሴ ነበርኩ።"

"እሱ ነው ትልቁ ጉዳት። በጽሑፍ ቢሆን፣ ምስክር ቢፈርምበት፣ ለሁለቱም በበጀ ነበር። ኪራዩ ስንት ነው፣ ስንት ጊዜ ነው፣ ጣሪያ ቢያፈስ ማን ያድሳል፣ ሁሉ ይታወቅ ነበር። ያም ሆኖ የጊዜ ገደብ ያልተቆረጠለትም ኪራይ ቢሆን አከራዩ ዝም ብሎ ዛሬ ውጪ አይልም። አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ቢያንስ የተከፈለበት ወር ያልቃል። አልወጣም የሚል ካለ ደግሞ ዳኛ አለ።"

"ዳኛ!" አሉ ቄሱ፤ ፊታቸውን አጨፈገጉ። "አንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች፣ አንድ ጽዋ የሚጠጡ ሰዎች፣ ፍርድ ቤት ቆመው ይካሰሱ? ይህን ነው ያስተማሩሽ? በኛ ዘንድ ተካሶ የታረቀ የለም። በግዝት ግን ነገር በአንድ ቃል ያልቃል።"

እኔ እዚህ ላይ፣ እውነቴን ነው፣ ለቄሱ አደላሁ። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ምን እንደሆነ የምናውቅ እናውቃለን። ሃያ ዓመት በሰው ቤት የኖርኩ ሰው ስሆን አንድም ቀን አከራይ ለመክሰስ አስቤ አላውቅም፤ ሲቆጡኝ ዕቃዬን ሸክፌ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ትሕትና ግን አልተበገረችም። "አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አያ ዘሩን ሰምተዋቸዋል። ተናኜንስ ሰምተዋታል?"

ቄሱ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

"ለምን ውጪ እንደተባለች ያውቃሉ? ክፍሏ ስለሚያፈስ ጣሪያውን ያድሱልኝ ብላ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ፕላስቲክ እየወጠረች ኖረች። ግድግዳውን በራሷ ጭቃ መረገች፤ ወለሉን አስተካከለች። አሁን ክፍሏ ሲያምር አንድ ደመወዝተኛ በበለጠ ኪራይ ፈለገው። ጣሪያ ማደስ የአከራይ ግዴታ ነው፤ አድሱልኝ ማለትም ጥፋት አይደለም። ዳኛ ቢሆን ይህን ሁሉ ሳይሰማ ይፈርዳል?"

"አልነገረችኝም፣" አሉ ቄሱ ቀስ ብለው።

"መስቀል ተዘርግቶባት እንዴት ትናገር? ደግሞስ፣ ዳኛ ቢሳሳት ይግባኝ አለ። ግዝት ይግባኝ አለው ወይ፣ አባ?"

"የለውም።"

"እኔ ግዝትን አልናቅሁም። ለነፍስ ነው የተሰጠዎት። አያ ዘሩ ግን እንደ ዱላ ተዋሱት። ዱላ ቢያነሡባት፣ በሯን ቢነቅሉባት፣ ዕቃዋን ቢወረውሩባት፣ ቀበሌም ፖሊስም ነበረላት፤ ሁከት ይወገድልኝ ብላ ትከስ ነበር። ባለቤቱ እንኳ በጉልበት ማስወጣት አይችልም። በሚካኤል ስም ስትባል ግን የት ሄዳ ትክሰስ?"

አውቶቡሱ ጭቃ እየረጨ ይሄዳል። ቄሱ የተጨናበሰውን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ውጭ ያዩ ጀመር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገበሬው የጨቀየ ማሳውን ጥሎ ቀዳሚትን ያከብራል፤ በሬዎች ያለ ቀንበር ይግጣሉ።

"መሬትዎን አሁን የሚያርስልዎ ማነው፣ አባ?" አለች ትሕትና ድንገት።

"ገነነ ነዋ። በእኩል ነው የሰጠሁት።"

"ገነነ ቢያስቀይምዎ፣ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ፣ እህሉ ሊታጨድ ሲል ከመሬቴ ውጣ ይሉታል?"

"እግዚኦ! ምን ማለትሽ ነው? መሬቱ የኔ ቢሆን ድካሙ የሱ አይደለም? ይህማ ግፍ ነው። ቢያንስ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ድርሻውን ይዞ ነው የሚወጣ!"

"ተናኜም አርሳለች፣ አባ። ዘርታለች። ሸጋዬን አሥር ዓመት አስተምራለች። አጨዳዋ ማክሰኞ ነው።"

ቄሱን በጎን አየኋቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልዩ ይሁን፣ ለራሳቸው ይናገሩ ይሁን አልለየሁም። በመጨረሻ ወደ ትሕትና ዘወር አሉ።

"ልጄ፣ አላወቅሁም ነበር። ይህ ሰበብ አይሆነኝም፤ ሳላውቅ መናገር አልነበረብኝም። ግን እስከ እሁድ ነው ያልኳት። ዛሬ ገና ቅዳሜ ነው። እንደደረስን እሄዳለሁ፤ እዚያው ደጃፏ ላይ እፈታታለሁ። ዘሩንም ልክ አገባዋለሁ።"

ትሕትና ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። እኔም ደስ አለኝ። ክርክር እንዲህ ሲያልቅ ደስ አይልም? የተማረች ልጅ በጨዋነት ተናገረች፣ ሽማግሌው በትሕትና ሰሙ፣ ጊዜም አለን። ሳቅሁ እንኳ። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ነበር፤ አንድ ባጃጅ ይዘን ወደ አቶ ዘሩ ግቢ ገሰገስን።

በሩን የከፈተችልን የአቶ ዘሩ ሚስት አቻምየለሽ ነበረች። ቄሱን ስታይ ጎንበስ አለች።

"ተናኜን ጥሪያት፣ ልጄ፣" አሉ ቄሱ፣ ገና ከደጅ።

"ተናኜ? ሄደች እኮ፣ አባ። ትናንት ዓርብ በማለዳ።"

"እንዴት ትናንት? እስከ እሁድ አይደለም ያልኳት?"

"እኔም ይህንኑ አልኳት። 'ነገ ቀዳሚት ነው፣ ከነገ ወዲያ እሁድ ነው፤ በሰንበት ዕቃ ተሸክሜ በግዝት ላይ ሌላ ኃጢአት አልጨምርም። የቀረኝ ዛሬ ብቻ ነው' አለችኝ። በአንድ ቀን ሌላ ቤት ስላጣች፣ ወደ አገሯ ልትመለስ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ወደ መናኸሪያ ወረደች። ልጅቱ እያለቀሰች ነበር።"

ቄስ ገብረሰንበት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ "ሰንበታትን አክብሩ" እያሉ ያስተማሩ ሰው፣ ቀን ሲቆርጡላት ይህን አላሰቡትም። ለሌላ ሰው ሦስት ቀን የሆነ፣ እሳቸው ራሳቸው ላስተማሯት ሴት አንድ ቀን ነበር።

"ትናንት እኔ ቡሬ ነበርኩ፣" አሉ። "ወደ ሽንዲ የሚሄድ ሁሉ በቡሬ ነው የሚያልፍ። እዚያው መናኸሪያው አጠገብ ነበርኩ።"

የክፍሉ በር ክፍት ነበር፤ ገባን። የመረገችው ግድግዳ እንዳማረ አለ። ጣሪያው ላይ የወጠረችው ፕላስቲክ አብሯት ስለሄደ፣ የቆመው ዝናብ ጣሪያው ላይ የተወው ውኃ በወለሉ መካከል ጠብ ጠብ ይላል። አቶ ዘሩ ድምፃችንን ሰምቶ ካቦርቱን ደርቦ መጣ።

"ምነው ዘሩ፣" አሉ ቄሱ፣ "የመከር ሰሞን ላይ አስወጣሃት? ፈተና እንዳለባት አታውቅም ነበር?"

"እኔ መቼ አስወጣኋት፣ አባ?" አለ አቶ ዘሩ፣ ከልቡ ተገርሞ። "ነካኋት እንዴ? እርስዎ ገዘቱ፣ እሷ ወጣች።"

ትሕትና ልትናገር ስትል ቄሱ እጃቸውን አንሥተው ከለከሏት። "ተይው። እውነቱን ነው። ለሱ ቤት ለማስለቀቅ የቀለለው እኔ ስላቀለልኩለት ነው።" ከዚያ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። በዚያ በሚያፈስ ክፍል ውስጥ፣ እኔና ትሕትና፣ አቶ ዘሩና ሚስቱ ቆመን እያየን፣ ተናኜን ከነልጇ ፈቷት። ሲጨርሱ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ያሉት ባዶውን ግድግዳ እያዩ ነበር።

በዚያ ሰዓት ወደ ሽንዲ የሚወስድ መኪና አይገኝም፤ ሌሊቱን ደግሞ ቅዳሴ አለባቸው። በማግስቱ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን በደጀ ሰላሙ ቆመው ተናገሩ። የሰበኩትን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ስለ ራሳቸው ጥፋት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ልጆቼ፣ በደልኩ። አንዲት ሴት ሳልሰማት ፈረድኩባት። ከዛሬ ወዲያ ስለ ቤት ኪራይ ብላችሁ መስቀሌን እንዳትጠሩ፤ አልመጣም። ቤት ያላችሁ፣ ስታከራዩ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፣ ምስክር አቁሙ። ልታስለቅቁ ስትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ካልተስማማችሁ ዳኛ ይዳኛችሁ። ጣሪያችሁን አድሱ። የተከራያችሁም፣ ኪራያችሁን በወቅቱ ክፈሉ፣ የሰው ቤት አታበላሹ። ውጡ ስትባሉ ግን ለምን ብላችሁ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው። ሕጉን የማታውቁ ይህችን ልጅ ጠይቋት፤ እኔም እሷን ጠይቄ ነው የተማርኩት።"

ትሕትና በሴቶች በኩል ቆማ አንገቷን ደፋች።

ያ ንግግር በከንቱ አልቀረም። ዛሬ በሠፈራችን ያለ ውል የሚያከራይ ሰው ጥቂት ነው። አከራዩ ኪራይ የሚያስቀር ሰው ሲያጋጥመው የሚይዘው ነገር አለው፤ ተከራዩም ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያስገባ ዓመቱን እዚያው እንደሚጨርስ ያውቃል። ሁለት ሰዎች ሲጋጩ ወረቀቱን አውጥተው ያያሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዳኛም ሳያስፈልጋቸው ይስማማሉ፤ ማኅበሩም አይፈርስም፣ ጽዋውም አልቀረም። ሕግ ጎረቤት ያጣላል ያልን ሁሉ ተሳስተን ነበር። አቶ ዘሩ እንኳ ጣሪያውን አደሰ። ይህ ሁሉ ግን የመጣው በኋላ ነው፤ ማክሰኞ ቀድሞ ደረሰ።

ቄሱ እሁዱኑ ወደ ሽንዲ ሄዱ። ማክሰኞ ጠዋት እኔ የፈተናውን ወረቀት አደልኩ። በመስኮቱ በኩል ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ የሸጋዬ ስም ተለጥፏል፤ የተቀመጠበት የለም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና እላለሁ። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልፍ ክፍሉን ለጓደኛዬ አደራ ብዬ ወደ ግቢው በር ወጣሁ። ቄስ ገብረሰንበት በር ላይ ቆመዋል። ጥምጣማቸው ተዛንፏል፤ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው።

"ገባች?" አሉኝ ገና ሲያዩኝ።

"አልገባችም፣ አባ። አላገኟትም?"

"ከመንደሩ ወዲህ ያለው ወንዝ ሞልቶ አላሻግር አለኝ። ሰኞ ሙሉ ቀን ቆሜ ዋልኩ። ማዶ ላለ አንድ ሰው ተፈትታለች፣ ልጅቱን ይዛ ትምጣ ብዬ ጮህኩ። ሰምቶኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ምናልባት በሌላ በኩል ዞረው ይሆናል ብዬ ሌሊቱን በጭነት መኪና መጣሁ። መምህር፣ አሁን ብትመጣስ?"

"ሰዓቱ አልፏል። አሁን ብትመጣም አያስገቧትም።"

"እኔ ብለምንስ? ጥፋቱ የኔ ነው ብላቸው?"

ምን ልበላቸው? "ይግባኝ የለውም፣ አባ" አልኳቸው፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተጸጸትኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ እያዩ ቆሙ። ፈተናው አልቆ ልጆቹ እየተንጫጩ ሲወጡም እዚያው ነበሩ።

ሸጋዬ በጥር ተዳረች። ቄስ ገብረሰንበት ለሠርጉ ተጠርተው ነበር፤ አልሄዱም።